44ቱን ኪሎ ማን ወሰደው?

እዚህ አምድ ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናት፣ ስለ አማትና ምራት ስንጨዋወት ነው የከረምነው። ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ግን ስለ ኬሚስትሪ ነው። ቆይ! ገጹን አትግለጡብኝ። እኔም ደብዳቤውን ከፍቼ «ኬሚስትሪ» የምትለዋን ቃል ሳይ ወደ ጎን ላደርገው ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ፍየል ባላገኝ ኖሮ አደርገውም ነበር።

ደብዳቤው ከሁለት የደብተር ወረቀት ላይ ተጽፎ የመጣ ነው። ባለቤቱን የሚያሳውቀውን ነገር አውጥቼ፣ አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«ውድ የዚህ አምድ አዘጋጅ፣ የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ሐርላ ነው። ከሁለት የሰፈሬ ልጆች ጋር ድሬዳዋ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ነው የምንማረው። ኪራዩን የሚከፍልልኝ አባቴ ነው፤ ጫት ይሸጣል። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ኬሚስትሪ 38 አመጣሁ። አባቴ እንዴት ነው ሲለኝ ‹ጥሩ ነው› አልኩት። ጥሩ ማለት ስንት ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ደስ ብሎት ፍየል ሸጠና አጋዥ መጽሐፍ ገዛልኝ። አሁን መጽሐፉን በከፈትኩ ቁጥር የምትታየኝ ፍየሏ ነች። ጓደኞቼ ወደ ሶሻል ቀይር ይሉኛል። አንደኛው ደግሞ ትምህርቱ ይቅርብን፣ ጂቡቲ እንሂድ ይለኛል። ምን ትመክረኛለህ?»

እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ። እኔ ግን ደብዳቤውን አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ ያሰብኩት «ይሄ ልጅ ሰው ተሳስቷል» የሚል ነው። ለምን እንደሆነ ልናዘዝ።

እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፤ እኔም ተፈጥሮ ሳይንስ ነበርኩ። በእኛ ጊዜ ከመቶው ሰባው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ይግባ ተብሎ ስለነበር፣ የወደደውም የፈራውም አብሮ ነው የገባው። ክፍላችን ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ፕላዝማ የሚባለው ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ነበር። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ ማንም ሳይመልስለት «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። እኛም ለራሳችን እናጨበጭባለን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል፤ ያኔ ጭብጨባው የእውነት ነበር።

አንድ ቀን የቡድን ሥራ ታዘዝን። ያኔ አንድ ለአምስት የሚባል አደረጃጀት ነበር፤ አምስት ተማሪ ለአንድ ወረቀት። ሥራው ታይትሬሽን ነው። አሲድ ታስቀምጣላችሁ፣ ከቡሬት ቤዙን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ትጨምራላችሁ፣ ቀለሙ ሲቀየር ታቆማላችሁ፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደፈሰሰ ትጽፋላችሁ። ምን ያደርጋል፣ የእኛ ላቦራቶሪ የተሰባበረ ዴስክ መጋዘን ነበር። ቡሬት የምናውቀው በሥዕል ነው። ጽሑፌ ያምራል ተብሎ ሪፖርቱን የመጻፉ ዕጣ ለእኔ ወደቀ። ቁጭ ብዬ አሰብኩና 24.7 ሚሊ ሊትር ብዬ ጻፍኩ። 25 ብል ይነቃብኛል፣ 24.7 ግን የተለካ ይመስላል ብዬ እኮ ነው! ሌሎቹ ቡድኖች ከእኔ ገለበጡ። የክፍሉ ውጤት በሙሉ 24.7 ሆኖ አረፈው። ከአስር ዘጠኝ ተሰጠኝ። በሐቀኛ ላቦራቶሪ ያንን ያህል የተስማማ ሰው አይገኝም፤ አንዱ 24.5፣ ሌላው 25.1 ማምጣቱ ያለ ነው።

እናቴ «ልጄ ላቦራቶሪ ይሠራል» ብላ ለሰፈሩ አወራች። እኔም አላረምኳትም። ከዚያ 12ኛ ክፍል ስደርስ ፈተናው ላይ ያው ታይትሬሽን መጣ። ከእኔ የፈለገው 24.7ን አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ቀረሁ፤ ይኸው ጽሑፍ በሸጥኩ ቁጥር ነው እንጀራዬን የምበላው። እንግዲህ ምክር የተጠየቀው ይህ ሰውዬ ነው።

ደብዳቤው ላይ ስልክ ነበርና ደወልኩለት። «ቅዳሜ ሐርላ ነኝ፣ ና» አለኝ። አቦ ልጁ ድፍረት አለው!

ሐርላ ከድሬ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር በሚወስደው አቅጣጫ ነው። የከተማ ልጆች የምናውቃት በተረት ነው፤ ድሮ ግዙፎች ይኖሩባት ነበር፣ እነዚያን ትልልቅ የግንብ ድንጋዮች የተሸከሙት እነሱ ናቸው እየተባለ ነው ያደግነው። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ግን በእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የተመራው ቡድን ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ያገኘውን ይፋ አደረገ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የመቃብር ድንጋዮች፣ ከግብፅ የመጣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የብር ሳንቲም፣ ከቻይናና ከየመን የመጣ ሸክላ፣ የመስታወት ዶቃ፣ ቀይ የጌጥ ድንጋይ ሳይቀር ተገኘ። ጌጣጌጥ የሚሠራበት ቦታም ነበር። ግዙፎች ሳይሆኑ ብር የሚያቀልጡ፣ ድንጋይ የሚሞርዱ፣ ባሕር ማዶ የሚነግዱ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። አጥንታቸውም እንደኔና እንደናንተ ነው።

ልጁ መንገድ ላይ ተቀበለኝ። ቀጭን ነው፣ ፈገግታው ቶሎ ይመጣል። አባቱ ቤት ከመድረሳችን በፊት አንድ ዛፍ ሥር ቁጭ አልንና ደብተሩን አሳየኝ። ደብተሩ ያምራል፤ በቀይ ተሰምሯል፣ በሰማያዊ ተጽፏል። ትርጉሙ ሁሉ በቃሉ ነው። «ሞል ምንድን ነው?» ስለው በእንግሊዝኛ እንደ ውሃ አንበለበለው። «በኦሮምኛ ንገረኝ» ስለው ሳቀ። «በአማርኛስ?» ዝም አለ።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው ያለው። ይህ ልጅ እስከ ስምንተኛ በኦሮምኛ ተማረ። ዘጠነኛ ሲገባ መጽሐፉ በሙሉ እንግሊዝኛ ሆነ። መምህሩ ሲደክመው በአማርኛ ያስረዳል። በዚያው ዓመት ነው እንግዲህ አቶም፣ ፔሬዲክ ቴብልና ቦንዲንግ የሚመጡት። አስረኛ ላይ ስሌቱ፣ ስቶይኪዮሜትሪ የሚሉት ነገር ይመጣል። አስራ አንደኛ ሲደርስ የሪአክሽን ፍጥነትና ኢኩሊብሪየም፣ አስራ ሁለተኛ ላይ የአሲድና ቤዝ ሚዛን፣ ኤሌክትሮኬሚስትሪና የፋብሪካ ኬሚስትሪ ይከተላሉ። አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ ግንብ ነው። የአስራ አንደኛው መምህር የዘጠነኛውን ያውቃሉ ብሎ ይጠብቃል። ተማሪው መምህሩ ሾርት ኖት ይሰጠኛል ብሎ ይጠብቃል። ቤተሰብ ደግሞ ዶክተር ይጠብቃል። ሦስቱም ሲጠባበቁ ዓመቱ ያልቃል።

የሚከተለውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ኩረጃን ለማስቀረት ተብሎ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ጀመረ። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ። እያደገ ነው ብለን እንጽናና ይሆን? እኔ ያንን የመጀመሪያውን ቁጥር ያየሁ ቀን ትዝ ያለኝ 24.7 ነው። ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት የእኔ ዓይነት ባለ ጥሩ ጽሑፍ!

«ሞል ማለት ደርዘን ነው» አልኩት። «ደርዘን 12 ነው። ሞል ደግሞ 602 ብለህ ከኋላው 21 ዜሮ የምትደረድርለት ቁጥር ነው። አቶም በጣም ትንሽ ስለሆነች በደርዘን ብትቆጥራት አይዘለቅም። 18 ግራም ውሃ፣ ከሾርባ ማንኪያ ትንሽ የሚበልጠው፣ አንድ ሞል ነው። አለቀ።»

«አለቀ?» አለኝ።

«ሞሉ አለቀ። ስሌቱ ነው የሚቀረው።»

እዚህ ላይ አንባቢ «አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ያወቅከው?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሐርላ ከመሄዴ በፊት አራት ሌሊት አነበብኩ። የልጁን መጽሐፍ ተውሼ አይደለም፣ የዘጠነኛና የአስረኛን ነው ያነበብኩት። በሃያ ስምንት ዓመቴ ገባኝ። ለካ ያኔ የጎደለኝ ጭንቅላት አልነበረም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የታችኛውን ክፍል መጽሐፍ መክፈት አሳፍሮኝ ነው። የአስራ አንደኛ ተማሪ የዘጠነኛ መጽሐፍ ይዞ ከታየ የሰፈር መሳቂያ አይደል?

ስለዚህ የምመክረውን መከርኩት። ሦስት ሳምንት ስጥና ከዘጠነኛው ጀምር አልኩት። ማታ ማታ አንብብ፣ ማንም አያይህም። በአንድ ደብተር ላይ ቃላቱን በሦስት ረድፍ ጻፍ፤ እንግሊዝኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ አማርኛውን። ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ያጣህለትን ቃል በራስህ አባባል ግለጸው፤ መግለጽ ካቃተህ ገና አልገባህም። የቡድን ሥራ ሲሰጥ አንድ ጥያቄም ቢሆን ያንተ እጅ ይሥራው። መምህሩን «አልገባኝም» አትበለው፤ «ከዚህ መስመር ወደዚህ መስመር እንዴት ተሻገርክ?» በለው፤ መምህር እንደዚያ ሲጠየቅ አይቆጣም። ወደ ሶሻል መቀየርን በተመለከተ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ስለወደድክ ከሆነ ሂድ፤ መቼና እንዴት እንደሚፈቀድ ርዕሰ መምህሩን ጠይቅ። ከ38 ለመሸሽ ከሆነ ግን ሶሻልም ሒሳብ አለው፤ 38ቱ ተከትሎህ ይመጣል። ጂቡቲ ስለሚልህ ጓደኛህ ደግሞ... እዚያ ሄደው የደወሉልህን ሳይሆን የማይደውሉትን ቁጠር አልኩት።

ሁሉንም በራሱ ነቀነቀ። አንዱን ብቻ አልመለሰልኝም፤ «ለአባትህ መቼ ነው የምትነግረው?» የሚለውን።

ቤታቸው ገባን። አባትየው ሸምገል ያለ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። በድሬ ወግ አንቱ የለም፤ አንተ ተባብለን ተጨባበጥን። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ስለሆነ ልጁ መሀል ሆኖ ያስተረጉማል። ሻይ ተጣደ። በራዱ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ለብሷል፤ የድሬና የአካባቢዋን ውሃ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሳሙናውም እንደ ልብ አያረፋም። ምክንያቱ ውሃው በኖራ ድንጋይ መሀል ሲያልፍ ካልሲየም ይዞ ስለሚመጣ ነው፤ ሲፈላ ቅርፊት ይሆናል፣ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ ደግሞ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል።

አባትየው ስለ ሥራው አጫወተኝ። ጫት ጠዋት ተቆርጦ ማታ ካልተሸጠ ዋጋው ይወድቃል። «ለምን?» አልኩት። «ይሞታላ!» አለኝ። ልክ ነው። ለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ነው የተለየው። ቅጠሉ ሲደርቅ እሱ ወደ ደከመ ሌላ ነገር ይለወጣል። የአወዳይ መኪኖች እንደዚያ የሚበርሩት፣ እስሩም በእርጥብ ቅጠል የሚጠቀለለው ለዚሁ ነው። ልጁን «ይሄ ስንተኛው ምዕራፍ ነው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «የሪአክሽን ፍጥነት!» አለ። ለአባቱ ሲያስረዳ ድምፁ ተለወጠ። (ቃሙ ማለቴ አይደለም፤ እናቴ ይህን ጋዜጣ ታነባለች።)

ከዚያ ስለ ድሬ ሲሚንቶ ተነሳ። በጣሊያን ዘመን የተተከለውን የድሬን ፋብሪካ የማያውቅ የለም። አባትየው «ድንጋይ አቃጥለው ዱቄት ያደርጋሉ» አለ። እኔም አጋጣሚውን አላሳለፍኩም።

«አንድ ኩንታል ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በኃይል ብታቃጥል፣» አልኩት፣ «ስንት ኪሎ ኖራ ታገኛለህ?»

«አንድ ኩንታል።»

«56 ኪሎ።»

ልጁ ሲያስተረጉምለት አባትየው ፍንጃሉን አስቀመጠ። ነጋዴ ነው፤ በሚዛን ቀልድ አያውቅም። «44ቱን ኪሎ ማን ወሰደው?» አለ።

ልጁን አየሁት። ብዕር አወጣና የጫት መጠቅለያ ወረቀት ላይ ጻፈ። ካልሲየም 40፣ ካርቦን 12፣ ሦስት ኦክስጅን 48፤ ድምሩ 100። ከዚያ ካርቦኑን ከሁለት ኦክስጅን ጋር ለየና 44 አለ። «አየር ሆኖ ሄደ» አለው ለአባቱ። አባትየው አላመነም። «ኩንታል ሙሉ ጭኖ 44 ኪሎ አየር ሆነ የሚለኝ ሾፌር ብዙ አይቻለሁ» ብሎ ሳቀብን።

ሎሚ አለ ወይ አልኩ። አለ። ልጁ ባዶውን በራድ አጋድሞ ነጩ ቅርፊት ላይ ሎሚ ጨመቀበት። ጢስ አይሉት አረፋ፣ ሽሽሽ... ብሎ ተነሳ። ቅርፊቱ ከዚያው ከኖራ ድንጋዩ ዘር ነው፤ በእሳት የሚወጣው ጋዝ በሎሚም ይወጣል። «ሌባው ይኸውልህ» አለው። አባትየው ጆሮውን በራዱ ላይ አስጠግቶ አዳመጠ። ደጋግሞ አስጨመቀው፤ ሎሚው እስኪያልቅ።

እኔ በትምህርት ዘመኔ በሙሉ ያላየሁትን ሙከራ እዚያ ምድር ቤት ውስጥ አየሁ። ቡሬት የለ፣ ጋዋን የለ።

አባትየው ወረቀቱን አንስቶ ቁጥሮቹን አየ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ። እኔ ገብቶኛል፤ ልጁ ግን ወደኔ ዞሮ «‹ስንት አመጣህ?› እያለህ ነው» አለኝ።

«እሱን አይደለም፤ አንተን ነው» አለ አባትየው። በአማርኛ ነው ያለው። ለካ ይችላል!

ልጁ በራዱን መሬት አስቀመጠ። ጣቱ ላይ የሎሚ ፍሬ ተጣብቆ ነበር፤ እሱን ሲያነሳ ቆየ።

«38።»

«ከስንት?»

«ከመቶ።»

አባትየው ወረቀቱን አየ፣ ልጁን አየ። እኔ ሻዬን የጨረስኩ መስዬ ፍንጃሉን አፌ ላይ እንደያዝኩ ነኝ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።

«62ቱስ የት ሄደ?»

«ዘጠነኛ ክፍል ነው የቀረው» አለ ልጁ።

«ሂድና አምጣዋ!» አለው። ቆይቶ ደግሞ፣ «ፍየሏ አርጅታ ነበር» አለ።

ከዚያ በኋላ ስለ ዝናብ አወራን። የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ስነሳ ልጁ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። የሦስት ረድፍ ደብተሩን ለመግዛት ገንዘብ ልሰጠው እጄን ኪሴ ውስጥ ሳስገባ እምቢ አለኝ፤ ይልቅ የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፌን ተወኝ አለ። ተውኩለት።

ድሬ ስገባ መሽቷል። ከዚራ ዛፎቹ ሥር ቁጭ ብዬ እናቴ ጋ ልደውል ስልኬን አወጣሁ፤ ስለ ታይትሬሽኑ እስከ ዛሬ አታውቅም። መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ምን አደክማችኋለሁ፣ ቅድም እንዳልኳችሁ ይህን ጋዜጣ ታነባለች።